የጉንጩ ቅርፊት

ጥር ሃያ ሦስት ቀን 2016 ዓ.ም፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ከሩብ ላይ፣ እናትነሽ የባሏን ሙሾ እያወረደች ሳለ አንድ ሰው ሳቀ። ሰዓቱን አትረሳውም። ድንኳኑ የተጣለው ገዳሪፍ ከሚገኘው የሰሊጥ መጋዘን አጥር ሥር ነበርና የሠራተኛ መውጫ ደወል ልክ ያን ጊዜ ተደውሏል።

ስታወርደው የነበረው ይህ ነው፦

ሂዱና ንገሩት፣ ለዚያ ባሕር ጌታ፣
ጀልባው ብቻውን ነው፣ ሲመሽ ወደ ማታ።

ሴቶቹ ተቀበሏት፤ ደረት ተመታ። ሳቁ የመጣው ከወንዶቹ በኩል ነው። ሳቅ ለማለትም ያስቸግራል፤ በአፍንጫ አፈትልኮ በሳል የተሸፈነ ነገር ነበር። የአልቃሽ ጆሮ ግን እያለቀሰም አይዘጋም። ቀና ብላ ስታይ ታከለ ነው፤ ፋሽጋ እርሻዎች ላይ ከባሏ ጋር ለዓመታት ሰሊጥ ያጨደ ሰው። ዓይን ለዓይን ሲጋጩ ፊቱን በጋቢው ሸፈነ። እናትነሽ የቀራትን ስንኝ ዋጠችውና ለቅሶውን ለሌላ ሴት ለቀቀች።

እናትነሽን ሙሾ ያስተማራት ሰው የለም። ከመተማ ተሻግራ ገዳሪፍ ስትገባ ሰሊጥ በወንፊት የምትነፋ የቀን ሠራተኛ ነበረች፤ ዛሬም ናት። አንድ ክረምት ላይ አንድ ያገሯ ልጅ በወባ ሞተና አልቃሽ ጠፋ። ሰው እንደ ውሻ ዝም ተብሎ ሲቀበር ማየቱ ነውር መሰላትና አፏን ከፈተች። ከዚያ ወዲያ ሰው ሲሞት ትጠራለች። አንድ ልማድ ነበራት፤ ድንኳን ከመግባቷ በፊት ትጠይቃለች። ሟቹ ምን ይወድ ነበር? ከማን ተጣልቶ ከማን ታረቀ? ማጭድ የሚይዘው በየትኛው እጁ ነው? «የማላውቀውን አላለቅስም» ትል ነበር። ፈሪውን ጀግና፣ ቆንቋናውን ቸር አትለውም። የሟች ዘመዶች ያለችው ሁሉ እውነት መሆኑን ስለሚያውቁ እንባቸው ቶሎ ይመጣል።

ለባሏ ግን ማንንም አልጠየቀችም። የገዛ ባልን ማንን ይጠይቁበታል?

ባሏ ይታያል በየዓመቱ ኅዳር ላይ፣ ሰሊጡ ታጭዶ ሲከመር፣ ወደ ቀይ ባሕር ይወርዳል። ሱዋኪን በምትባለው የወደብ ከተማ ከዓሣ አጥማጆች ጋር ከርሞ ዝናብ ሳይጥል ይመለሳል። በሞተበት ዓመት ብቻ ታሞ ገዳሪፍ ቀረ። ሲመለስ ወሬው ከሻንጣው ይከብዳል። ማዕበሉ ጀልባውን እንዴት እንዳነሣው፣ ዋናው አለቃ እንዴት እንደ ጮኸ፣ እሱ መቅዘፊያውን እንዴት እንደ ያዘ ያወራል። ከሁሉ በላይ የሚወደው ግን ዓሣ መለየት ነበር። ትሪ ላይ ዱቄት ይነሰንስና በጣቱ እየሣለ ያስረዳታል።

«ይኸውልሽ፣ ሲያዩት ሁሉም የእኛን የጣናን ቀረሶ ይመስላል። ጎኑ ሰፊ፣ ጀርባው ጎባጣ። መልኩ አያታልልሽ፤ አፉን ክፈቺው። ይሄ ራሱ ላይ ሁለት ጥቁር ሰረዝ ያለበት፣ ክንፉ ቢጫ የሆነው፣ ከፊት ችካል የመሰለ ጥርስ አለው፣ ከኋላ ግን እንደ ሰው መንጋጋ። ሸርጣን ነው የሚፈጨው። ይሄ ቀዩ ባሃር ይባላል፤ የውሻ ክራንቻ አለው፤ ዓሣ በል ነው። ይሄ አፈ ሹሉ፣ ከንፈረ ወፍራሙ ደግሞ ሹዑር ነው።»

«ሹዑርን በምን ለየኸው?»

«በጉንጩ። ጉንጩን በጥፍርሽ ፋቂው። ቅርፊት የለውም።»

«ቅርፊት የሌለውን ዓሣ ትበላለህ እንዴ አንተ?» ብላ ደነገጠች። አገራቸው ክንፍና ቅርፊት የሌለው ዓሣ አይበላም፤ አምባዛ እንኳ መረብ ውስጥ ቢገባ ተመልሶ ይጣላል።

«ገላው ላይ አለው። ጉንጩ ብቻ ነው መላጣ።»

«አንተ እኔን ሳይሆን ዓሣውን ነው ያገባኸው» ትለዋለች እየሳቀች። እሱም አይቆጣም። ክሩን እንዴት እንደሚይዝ ደግሞ ይቀጥላል፤ ዓሣው መጀመሪያ እንደሚያንኳኳ፣ ሲያንኳኳ መጎተት እንደሌለባት። ገዳሪፍ ከባሕሩ የቀንና የሌሊት መንገድ ነው። እናትነሽ ባሕር አይታ አታውቅም። የማታየውን ዓሣ ጥርስ ግን እንደ ልጆቿ ጥርስ ታውቀው ነበር።

አርባው ካለፈ በኋላ ታከለን መጋዘኑ በር ላይ ጠብቃ ያዘችው።

«ታከለ፣ ለቅሶዬ ላይ ምን አሳቀህ?»

«ኧረ እኔ አልሳቅሁም እቴ። አሳለኝ እንጂ።»

«ሳልህን አውቀዋለሁ። ሳልህ እንደዚያ አይደለም።»

ታከለ ግራ ቀኙን አየ። ክፉ ሰው አይደለም፤ አፉ ግን ጥርስ እንጂ በር የለውም።

«እንግዲህ ካልሽ ልንገርሽ። ዓምና ማሽላ በጫነ መኪና ሱዋኪን ወርጄ ነበር። ይታያልን ልየው ብዬ ጀልባ በጀልባ ጠየቅሁ። ‘ይታያል የሚባል ሐበሻ’ ብል አንድም የሚያውቀው የለም። ‘እኛ ጀልባ ላይ ሐበሻ አይሠራም’ አሉኝ። አንቺ ደግሞ የባሕር ጌታ ስትይው ሳቅ አመለጠኝ። ይቅር በይኝ።»

«ታዲያ ያን ሁሉ ወር የት ነው የሚከርመው?»

«እሱን እኔ ምን አውቄ?» አለና ዞር አለ። አነጋገሩ ግን የሚያውቅ እንዳይመስል የፈለገ ሰው አነጋገር ነበር። ሰፈሩም ዝም አላለም። ፖርት ሱዳን ሌላ ቤት ነበረው አሉ። የሌላ ሴት ልጆችም ነበሩት አሉ።

ከዚያ ወዲያ እናትነሽ ሙሾ አላወረደችም። በዚያ ክረምት ጎረቤቷ በለጠች ወንድሟ ሞቶባት እየወደቀች እየተነሣች መጥታ ስትለምናት፣ «አልችልም በለጠች። ስለ ባሌ የማላውቀውን አልቅሻለሁ። ከእንግዲህ የኔን ቃል ማን ያምነዋል?» አለቻት። በለጠችም አልተቀየመችም፤ ሌላ አልቃሽ ፈለገች። ይህ ነው ይበልጥ እናትነሽን የቆረጣት። ሙት ዓመቱ ጥር ላይ ነው። ሁለተኛው ድንኳን ሲጣል ምን ትላለች? ዝም ብትል ሐሜቱን ማጽደቅ ነው። የባሕር ጌታ ብትል ሳቁ ከአንድ ሰው አፍ አይወጣም፤ ከድንኳን ሙሉ ሰው ነው እንጂ።

ታኅሣሥ ሲገባ ልጇን ዕፀገነትን ይዛ ሱዋኪን ወረደች። ዕፀገነት ገዳሪፍ ተወልዳ ያደገች፣ ሆስፒታል በጽዳት የምትሠራ፣ አማርኛዋ መሐል ላይ ዓረብኛ የሚገባበት ልጅ ናት። ጉዞውን አልወደደችውም። የይለፍ ወረቀት ለማውጣት ሳምንት ሄደ፤ በየኬላው ወታደር ያወርዳቸዋል፤ አውቶቡሱ ጦርነት ሸሽተው ከካርቱም በወጡ ሰዎችና በፍራሾቻቸው ተጨናንቋል።

«ያ ዩማ፣ ሌላ ሚስት ብናገኝስ ምን ልታደርጊ ነው?» አለች እናቷን በዓረብኛ ጠርታ፣ የከሰላን ከተማ አልፈው ተራራው ከኋላ ሲቀር።

«ስሟን እጠይቃታለሁ።»

«ከዚያስ?»

«ሙሾ ታውቂያለሽ ወይ እላታለሁ። እኔ ደክሞኛል።»

ዕፀገነት መሳቅ ባትፈልግም ሳቀች።

ባሕሩን ያዩት ጠዋት ነው። እናትነሽ እንደ ሰሊጥ ማሳ የሚወዛወዝ ነገር ጠብቃ ነበር፤ ያገኘችው ግን ጠባብ፣ ዝም ያለ፣ ወደ የብስ የገባ ሰማያዊ ሰርጥ ነው፤ ወዲያ ማዶ የፈረሱ የጥንት ቤቶች ነጭ ድንጋይ ተከምሯል። ጎንበስ ብላ ውሃውን በጣቷ ነክታ ቀመሰችና፣ «ይሄንስ እውነቱን ነው፤ ጨው ነው» አለች።

ጀልባ በጀልባ ዞሩ። እናትነሽ በራሷ ዓረብኛ ትጠይቃለች፤ ሲያቅታት ልጅቷ ትቀበላታለች። ይታያል። ጀልባ ላይ የሚሠራ ሐበሻ። ቀጭን፣ ረዥም፣ ግንባሩ ላይ ጠባሳ። ሁሉም ራሱን ይነቀንቃል። ኦሸይክ የሚባል የበጃ ሽማግሌ ጀልባውን ገልብጦ ቀለም ይቀባ ነበር። እሱ ብቻ ብሩሹን አስቀመጠ።

«አንድ ሐበሻ መጥቶ ነበር፣ ድሮ። ስሙን አልጠየቅሁትም። ጀልባ ላይ ወጣና ገና ከሰርጡ ሳንወጣ ማስታወክ ጀመረ። ከሆዱ የሚወጣ ሲያልቅ ዓይኑ ሊወጣ ደረሰ። እንዳይሞትብኝ ብዬ ረፋድ ላይ መልሼ የብስ ላይ ጣልሁት። ከዚያ ወዲያ ሐበሻ አላሳፈርሁም።»

እናትነሽ አመስግና ሄደች። ጥላ ሥር ሲደርሱ ድንጋይ ላይ ተቀመጠች።

«እሱ ነው» አለች።

«በምን አወቅሽ?»

«ከመተማ ገዳሪፍ በመኪና ስንመጣ አራት ጊዜ ነው ያስታወከው። በመኪና ያስታወከ በጀልባ አይቀርለትም። እኔ ሞኟ! ይህን እያወቅሁ እንዴት ጀልባ ሲለኝ አመንሁ?»

«እንግዲያው ኻላስ፣ እንሂድ ያ ዩማ። ውሸት ነበር። አለቀ።»

እናትነሽ ግን አላለቀላትም። ጀልባው ውሸት ከሆነ ጥርሱስ? ሁለቱ ጥቁር ሰረዝስ? ውሸታም ሰው ማዕበል ይፈጥራል፤ የዓሣ መንጋጋ ግን ከየት ያመጣል? ይህ ሰላም ነሳት። «ለማንኛውም ጦም ነው፤ የምንበላው ዓሣ እንግዛ» አለችና ልጇን ጎትታ ወደ ዓሣ ገበያው ገባች።

ገበያው በቆርቆሮ የተከደነ ረዥም ዳስ ነው። በአንድ ወገን ሻጮች፣ በሌላ ወገን ደግሞ የተገዛውን የሚፍቁና ሆድ ዕቃ የሚያወጡ ሰዎች እንጨት ጣውላቸውን ዘርግተው ተቀምጠዋል። እናትነሽ በረዶው ፊት ቆመች። በሕይወቷ አይታው የማታውቀውን ዓሣ ሁሉ ታውቀዋለች። ቢጫ ክንፉን አየች። ራሱ ላይ ያለውን ሁለት ሰረዝ አየች። ከንፈሩን ገለጥ አደረገች፤ ከፊት ችካል፣ ከኋላ መንጋጋ። ሰው ሳያያት ጣቷን ወደ ውስጥ ከታ መንጋጋውን ዳሰሰችው፤ እንደ ጠጠር ክብ ነው። ትሪው ላይ በዱቄት ተሥሎ የነበረው ነገር ክብደትና ሽታ አውጥቶ እዚህ ተጋድሟል። ምስኪን ሆይ፣ ይሄንንስ አልዋሸህም አለች በልቧ።

«ሹዑር ስጠኝ» አለች ሻጩን።

ሻጩ አንድ ቀላ ያለ ዓሣ አንሥቶ አቀረበላት። «ሹዑር፣ ያ ኻልቲ። የዛሬ ነው» አላት፤ አክስቴ ማለቱ ነው።

እናትነሽ ዓሣውን አልተቀበለችም። እዚያው በእጁ እንዳለ በአውራ ጣቷ ጥፍር ጉንጩን ከታች ወደ ላይ ፋቀችው። ቅርፊት ብን ብሎ ተነሣ።

«ይሄ ሹዑር አይደለም። ጉንጩ ቅርፊት አለው። ባሃር ነው።»

ሻጩ አፉን ከፍቶ አያት። ከዚያ ወደ ጣውላዎቹ ዞሮ ጮኸ። «ያ ጀብራ! ና እይ፣ አቡ ዱፉር ተመልሷል፤ ሴት ሆኖ!»

ከወዲያ ማዶ አንድ ቢላ የያዘ ጎልማሳ ብድግ አለ። እናትነሽ ልጇን አየቻት። «ምን አለ?»

«አቡ ዱፉር አለ። ጥፍሩ፣ ባለ ጥፍሩ ሰውዬ ማለት ነው» አለች ዕፀገነት።

ጎልማሳው እጁን በሽርጡ እየጠረገ መጣና በትግርኛ ቅላጼ ባለው አማርኛ ጠየቃት። «እናቴ፣ ዓሣ እንደዚህ መፋቅ ማነው ያስተማረሽ?»

«ባሌ።»

«ባልሽ ማነው?»

«ይታያል ይባላል። ይባል ነበር።»

ሰውየው ቢላውን መሬት ላይ አስቀምጦ በሁለት እጁ ጨበጣት። ስሙ ገብረትንሳኤ ነው፤ ገበያው ጀብራ ይለዋል። ከሑመራ ሸሽቶ፣ ድንበሩን በሐምዳይት ተሻግሮ፣ ከመጠለያ መጠለያ ሲንከራተት ባሕሩ ዳር የደረሰ የትግራይ ሰው ነው። የቆመበት ጣውላ የይታያል ነበር።

«አያ ይታያል ብዬ የምጠራው እኔ ብቻ ነኝ። ሌላው ሁሉ አቡ ዱፉር ነው የሚለው። ስሙን የሚያውቅ የለም። ሞቶ ነው ያልመጣው በይኛ! ሓወይ፣ ሓወይ…» አለ በራሱ ቋንቋ፤ ወንድሜ፣ ወንድሜ እያለ። የገበያው ሰው ዓሣውን ትቶ ያያቸው ጀመር።

ጣውላው ጀርባ ባለች አግዳሚ አስቀመጣቸው። ሻይ አስመጣላቸውና ለእናትነሽ የጠፉባትን ወራት ሁሉ ነገራት።

ይታያል ከጀልባው እንደ ተጣለ ሲያገግም እዚሁ ዳስ ሥር ተኛ። ረሃብ ሲጠናበት አንድ ሽማግሌ የተጠበሰ ሹዑር ቢሰጠው እሱ እቴ፣ ከመቅመሱ በፊት ጉንጩን ፋቀው። ቅርፊት አጣና «ይሄ ለኔ አይበላም» ብሎ መለሰው። ሰው ሁሉ ሳቀበት። «ገላውን ፋቀው እንጂ፣ ቅርፊት ሞልቶታል» አሉት። ፋቀው፤ አለው። እንግዲህ ይህ ነገር ከነከነው። ለምን ገላው ኖሮት ጉንጩ መላጣ ሆነ? በማግሥቱ በረዶ ላይ ያለውን ዓሣ ሁሉ አንድ በአንድ ጉንጩን እየፋቀ ዞረ። ባሃር አለው። ባለ ሁለት ሰረዙ አለው። ሹዑር፣ ቢጫው ይሁን አረንጓዴው፣ አንዱም የለውም።

«የባሃር ራሱና ክንፉ ከተቆረጠ፣ ቆዳው ከደበዘዘ፣ ማንም ሹዑር ብሎ ይሸጥልሻል። ትልልቁ ባሃር ደግሞ አንዳንዱን ሰው ሆድ ያምመዋል ይላሉ። ከዚያ ወዲህ ሰው ሲገዛ ‘አቡ ዱፉር፣ ና ፋቅልኝ’ ይላል። ይኸው ጉንጩ ሳይቆረጥ ነው እዚህ ገበያ የሚሸጠው።»

«ሥራው ይሄ ነበር? መፋቅ?» አለች ዕፀገነት።

«መፋቅ፣ ሆድ ማውጣት። ጀርባውን ለባሕሩ ሰጥቶ ነበር የሚቀመጠው፤ ማዕበሉን ሲያይ ሆዱ ይገለበጥ ነበርና። ግን ሆዱን ወደ ባልዲ አይጥልም፤ ይከፍተዋል። ‘ይሄ ዛሬ ሸርጣን ነው የበላው፣ ይሄ ቀንድ አውጣ፣ ይሄ ሣር ውስጥ ነው ያደረ’ ይላል። መጀመሪያ እንደ እብድ አዩት። ኋላ ግን ኦሸይክ ራሱ ጀልባ ሊያስነሣ ሲል ሰው ይልክበት ነበር፣ ‘ትናንት ምን በልተዋል?’ ብሎ። እሱ ባለው ያጠምዳሉ።»

«ኦሸይክ ጠዋት ስንጠይቀው ጀልባ ላይ ያስታወከውን ሰው እንጂ ይሄን አልነገረንም።»

«ያሳፈረው ሰውዬና አቡ ዱፉር አንድ ሰው መሆናቸውን የት ያውቃል? ዓይኑ የሚያይለት ቅርቡን ብቻ ነው።»

እናትነሽ ሻዩን አልነካችውም። «ታዲያ ለምን ጀልባ ጀልባ አለኝ?»

ገብረትንሳኤ አንገቱን አከከ። «ጠይቄዋለሁ። ‘ባገሬ ዓሣ ሲፍቅ የዋለ ወንድ ማጀት ገባ ይባላል’ አለኝ። ደግሞ…»

«ደግሞ ምን? ተናገር።»

«ስቆ ነው ያለው፣ እንዳትከፊ። ‘ሚስቴ አልቃሽ ናት። ለሰው ሁሉ የሚባል ታገኛለች። እኔ ስሞት ምን ብላ ታልቅስ? ሆድ ዕቃ አወጣ ልትል ነው? የምትለው ነገር ልተውላት ብዬ ነው’ አለኝ።»

ዕፀገነት ፊቷን አዞረች። እናትነሽ ግን አላለቀሰችም። የጠየቀችውም ማንም ያልጠበቀውን ነገር ነበር።

«ክሩስ? ዓሣው ያንኳኳል ይለኝ ነበር። ጀልባ ካልወጣ ያን ከየት አወቀው?»

«እሱማ ከዳር ነው። ፀሐይ ስትበርድ ድንጋዩ ላይ ሄዶ ይጥላል። ነይ ላሳይሽ።»

አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን ከፈረሱት ቤቶች ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። ውሃው ጥርት ያለ ነው፤ አሸዋው፣ ሣሩ፣ ጥቁር ጥቁሩ የዛጎል ድንጋይ ይታያል። ገብረትንሳኤ ከድንጋይ ሥር የአውራ ጣት ጥፍር የምታህል ሸርጣን ይዞ መጣና መንጠቆውን ከጎኗ አስገብቶ ጣለላት። ክሩን በእናትነሽ ጣት ላይ አንድ ጊዜ ብቻ ጠመጠመው።

«እንግዲህ አትንኪው።»

ዕፀገነት ነጠላዋን ተከናንባ ከኋላ ታያለች። «ወላሂ፣ የሰው ሙት ዓመት ልታወጣ መጥታ ዓሣ አጥማጅ ሆነች» አለች ለራሷ።

እናትነሽ ጣቷን ብቻ ታዳምጣለች። ለብዙ ጊዜ ምንም አልነበረም። ከዚያ ጠቅ። ቆየና ጠቅ፣ ጠቅ። ልክ ሰው በጥፍሩ ሣጥን እንደሚቆረቁር። እጇ ሊጎትት ተነሣና በልቧ የይታያልን ድምፅ ሰማች፤ ሸርጣኗን በመንጋጋው እየሰበረ ነው፣ ተይው፣ ይስበር። ተወችው። ማንኳኳቱ ቆመ። ዝም። ከዚያ ክሩ በዝግታ፣ እንደሚሄድ ሰው፣ ወደ ጎን መሄድ ጀመረ።

«አሁን» አለች ራሷ፤ ገብረትንሳኤ አፉን ሳይከፍት ጎተተች።

ዓሣው ኃይለኛ ነበር፤ ክሩ ጣቷን ሸረከተው። ድንጋዩ ላይ ሲወጣ ብር የመሰለ ገላው በፀሐዩ ነደደ፤ ክንፉ ቢጫ፣ ራሱ ላይ ሁለት ጥቁር ሰረዝ። እናትነሽ ሆዱን ራሴ ልክፈት አለች። ገብረትንሳኤ ቢላውን ሰጣትና የት እንደምትጀምር አሳያት። የሆዱን ከረጢት በጣቷ ስትከፍተው የሸርጣን ስብርባሪ ወጣ፤ ከፊሉ የእሷ ሸርጣን፣ ከፊሉ ግን ሌላ፣ ሐምራዊ ቀለም ያለው። ሐምራዊውን በመዳፏ ላይ አድርጋ ወደ ብርሃን አቀረበችው።

«ይሄ ከየት ነው?»

«ከወዲያኛው ድንጋይ ሥር። እዚህ አይገኝም።»

«እንግዲያው ነገ የሚጣለው እዚያ ነዋ» አለች።

ገብረትንሳኤ ሳቀ። «አያ ይታያልም እንደዚሁ ነበር የሚለው።»

ሦስት ቀን ሰነበቱ። ሲመለሱ አውቶቡሱ ላይ ዕፀገነት ነገሩን አነሣችው። ቀደም ብላ ውሸት ነበር አለቀ ያለችው ልጅ አሁን ሌላ ሆናለች።

«ያ ዩማ፣ የባሕር ጌታ በይው። እኛ ሄደን አጣርተናል በይ። ማን ሱዋኪን ወርዶ ይጠይቃል?»

«ታከለ ወርዶ ጠይቋል።»

«ታከለ ይሳቅ! ዓሣ ፋቂ ነበር ብትዪ ግን ሁሉም ነው የሚስቀው። አባቴ ያፈረበትን ነገር አንቺ በድንኳን ሙሉ ሰው ፊት ልታወጪው? ትቶልሽ የሄደውን ቃል ተቀበይው እንጂ።»

እናትነሽ በመስኮቱ የሚያልፈውን ግራር እያየች እንዲህ አለች። «እሱ የተወልኝ ቃል ለማላውቀው ሰው ነው። የባሕሩን ጌታ አላውቀውም። ያንን ሰውዬ አግብቼው አላውቅም። ቀረሶ ይመስላል ብሎ ትሪ ላይ ሲሥል የነበረውን ነው የማውቀው።»

«ይስቃሉ።»

«ይሳቁ። ቀድሞ የጎዳኝ ሳቁ አይደለም፤ የሳቁበት ነገር እውነት መሆን አለመሆኑን አለማወቄ ነው።»

ጥር ላይ ድንኳኑ እዚያው አጥር ሥር ተጣለ። ከፋሽጋ እርሻዎች የመጡ አጫጆች፣ የመጋዘን ሴቶች፣ ሁለት ቄሶች፣ በለጠችም ነበረች። ሰው የበዛው ከሐዘኑ ይልቅ እናትነሽ ምን እንደምትል ለመስማት ነው። ታከለ ከወንዶቹ መሐል፣ ከምሰሶው ጀርባ ነው የተቀመጠው። እናትነሽ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሰረችና ቆመች። ዕፀገነት መሬት መሬት ታያለች።

ባሕር ገባ አልልም፣ ከዳር ነው የቆመ፣
የባሕሩን ጓዳ፣ በቢላ የተረጐመ።

ሴቶቹ ወዲያው አልተቀበሏትም። ግራ ገባቸው። ከወንዶቹ ወገን አንድ ወጣት አጫጅ «በቢላ?» ብሎ ጎረቤቱን ጠየቀና ፈገግ አለ። እናትነሽ አላቋረጠችም። ጀልባ ላይ አስታውኮ እንደ ተጣለ ደርድራ አወረደችው። ርቦት ሳለ የቀረበለትን ዓሣ ጉንጩን ፍቆ እንደ መለሰ ተናገረች፤ እዚህ ላይ ሽማግሌዎቹ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ እነሱም ቢሆኑ እንደዚያው ነበር የሚያደርጉት። ሹዑርና ባሃርን ማንም በማያየው ቦታ እንደ ለየ፣ ጀልባ ያላቸው ሰዎች ሆድ ከፋቹን እየጠየቁ ባሕር እንደ ገቡ፣ ማጀት ገባ እንዳይባል ፈርቶ ሚስቱን እንደ ዋሸ፣ እሷም ሄዳ በጣቷ ክር ይዛ እንደ ጠየቀችው፣ ሁሉን አወረደችው። ሴቶቹ መሐል ላይ ተቀበሏት። በለጠች ቀድማ ነው ያለቀሰችው። ወጣቱ አጫጅ ፈገግታውን የት እንደሚያደርሰው ጠፋው።

ከምሰሶው ጀርባ ሳል አልተሰማም። ታከለ ለቅሶው እስኪያበቃ አንገቱን ደፍቶ ቆየ። ሰው ሲበተን እናትነሽ ፊት መጥቶ ቆመ።

«ጣውላዎቹ ጋ ሄጄ አልጠየቅሁም» አላት። «ወንድ እዚያ ይኖራል ብዬ አላሰብሁም።»

«እኔም አላሰብሁም» አለችው።

በዚያው ዓመት መጋቢት ላይ የታከለ እናት የማረፏ መርዶ ከመተማ መጣ። ታከለ ወደ እናትነሽ ቤት ሄዶ እናቱ ምን ትወድ እንደ ነበር፣ ከማን ተጣልታ ከማን እንደ ታረቀች አንድ በአንድ ነገራት፤ እናትነሽም በማግሥቱ ድንኳኑ ውስጥ ገብታ አለቀሰችላት።